ጥቅሉን ክፈቺና እዪ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ የስንብት ደብዳቤዬን ስትሞላ ቆይታ፣ «የሥራ መደብ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ግን ሥራዎ በትክክል ምን ነበር?» አለችኝ።

በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ኮሪደር ዐሥር ዓመት ያህል ሰላም ስንባባል ኖረናል። አልተቀየምኳትም። ባለቤቴ እንኳ ለዘመድ ሲያስተዋውቀኝ «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ አንድም ኮምፒውተር ጠግኜ አላውቅም።

«የኮምፒውተር ባለሙያ ብለሽ ጻፊው» አልኳትና ፈርሜ ወጣሁ። ሮማናት አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት በሁለት ቃል ያልቃል?

ሥራዬ ይህ ነበር። ፕሮግራመሮች ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉትን የሆስፒታሉን ፕሮግራም ተቀብዬ አንድ ጥቅል አደርገዋለሁ። ጥቅሉን ሰርቨር ላይ እጭነዋለሁ። ከዚያ ለመኖር የሚያስፈልገውን ሁሉ እነግረዋለሁ፦ ዳታቤዝህ እዚህ ነው፣ ይህን ያህል ሜሞሪ አለህ፣ ሰው የሚያገኝህ በዚህ አድራሻ ነው፣ የምትጽፈው በዚህ ፊደል ነው። አንድ ቃል ከሳትኩ ካርድ ክፍሉ ይቆማል፣ ላቦራቶሪው ይቆማል፣ ፋርማሲው ይቆማል። ሃያ ዓመት ያንን ስሠራ አንድም ቀን አልሰለቸኝም!

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መቀሌ የመጣሁት በትዳር ነው፤ ባለቤቴ የዚህ ከተማ ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሆስፒታሉ የቀጠረኝ ካርድ ክፍል ነበር። ታካሚው ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ ከመደርደሪያ ካርዱን አወጣለሁ። የመጀመሪያው ወር ለቅሶ ነበር። ለእኔ «ሀ» ሁሉ አንድ ነው፤ እዚህ ግን «ሐ» ከጉሮሮ የሚወጣ የራሱ ድምፅ አለው፣ ካርዱም በዚያው ነው የሚደረደረው። «ሓፍተይ፣ ስሜን ደኅና አድርገሽ ስሚኝ» እያሉ፣ እህቴ ብለው እየጠሩ ያስተማሩኝ ታካሚዎቹ ናቸው።

ከዚያ የታካሚ መመዝገቢያው ፕሮግራም መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች ሰርቨሩን ተክለው፣ ግማሽ ቀን አሳይተውን ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ታካሚ መዘገብኩ። ስሙን በደንብ ጻፍኩ። መዝግቤ መልሼ ስከፍተው የጥያቄ ምልክት ብቻ! የአባቱም ስም የጥያቄ ምልክት፣ ቀበሌውም የጥያቄ ምልክት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል።

አቶ ሐጎስን ያገኘኋቸው ያን ቀን ነው። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ማለት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀድሞ የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በብብታቸው ሁልጊዜ አንድ ደብተር የያዙ ሰው። መጥተው ምንም አልነኩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና፦

«እንደገና ጻፊ። ቀስ ብለሽ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ተመለከቱ።

«ፊደሉ ከጣትሽ ተነሥቶ ዳታቤዙ እስኪደርስ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል» አሉኝ። «ብራውዘሩ ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል፣ ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ። ከተቀባዮቹ አንዱ የእኛን ፊደል አያውቅም ማለት ነው። ማንነቱን እንፈልገው።»

አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ብራውዘሩ ደኅና ነው። ፕሮግራሙም ደኅና ነው። ከፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚያገናኘው መስመር ላይ ግን የትኛው የፊደል አሠራር እንደሚሠራበት የሚናገረው ቃል ተረስቷል። ጨመሩት። ሰርቨሩን አጥፍተው አስነሡት። «በይ የእኔን ስም ጻፊ» አሉኝ።

«ሐጎስ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ከፈትኩት። «ሐጎስ»! ከነ «ሐ»ው! እልል አልኩ። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዲት እናት «እንታይ ደኣ፣ ምን ተገኘ? ልጅሽ ከእስር ተፈታ እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ካርድ ክፍል አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ ገባሁ፤ በምሳ ሰዓት አቶ ሐጎስ ዘንድ እቀመጣለሁ። ወደ እርሳቸው ክፍል እንድዛወር ሲጠይቁ የጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሳቁ። «ካርድ አውጪ ለሰርቨር?» አሉ።

«ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የምታውቅ ሰው ናት» አሉ አቶ ሐጎስ። «የእኔ ሥራ ከዚያ ሌላ ምን አለው?»

ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ ደብዳቤው ለመድረስ አራት ወር ፈጀ፤ እኔ ግን በማግስቱ ወንበሬን ተሸክሜ ገባሁ።

ጥቅሉን መጀመሪያ ሲያሳዩኝ አልረሳውም። በባለሙያዎቹ አጠራር «ዋር» ይባላል፤ የምሕጻረ ቃሉ ፊደላት ገጥመው ነው እንጂ ከጦርነት ጋር ግንኙነት የለውም። አቶ ሐጎስ ግን ስሙን አይወዱትም ነበር፣ «ጥቅል» ነበር የሚሉት። ጥቅሉ ከውጭ አንድ ፋይል ነው። ሲከፍቱት ግን በውስጡ ፎልደሮች ተደርድረዋል፦ እዚህ ገጾቹ፣ እዚህ ፕሮግራመሮቹ የጻፉት፣ እዚህ ላይብረሪዎቹ፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያስቀመጧቸው፣ እኛ የምንዋሳቸው ክፍሎች። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ለእኔ ካርድ ክፍል ነበር የሚመስለኝ!

አቶ ሐጎስ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንም የሰጣቸውን ጥቅል ሳይከፍቱ አይጭኑም። «ጠቅላዩ እኔ ብሆንም ክፈቺና እዪ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው የሚያስቅ ነው። የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንሥተው፣ አሁን ምን እንደሚሆን ጮክ ብለው ይናገራሉ። «አሮጌው ይቆማል። አዲሱ ይነሣል። ከእውነተኛው ዳታቤዝ ጋር ይገናኛል።» ከዚያ ይጫናሉ። የሆነው ካሉት ከተለየ፣ የተለየውን በደብተራቸው ይጽፋሉ። ሰው ሲገባ እጃቸው በአየር ላይ ሆኖ ያገኛቸዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጸሎት ላይ ናቸው ብላ ተመልሳ የወጣችበት ቀን አለ።

አሁን ማንሣት የማልወደውን ልናገር።

በዚያ ጊዜ ሁለት ዳታቤዝ ነበረን። አንዱ እውነተኛው ነው። ሌላው መለማመጃው ነው፤ በየጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የእውነተኛው ግልባጭ በላዩ ላይ ይጻፍበታል፣ የቀድሞው ይጠፋል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠቀም የሚናገረው መስመር ያለው ጥቅሉ ውስጥ ነበር። ስሞክር መስመሩን ወደ መለማመጃው እቀይራለሁ፤ ስጭን ወደ እውነተኛው እመልሰዋለሁ። በእጄ።

አቶ ሐጎስ ለተዝካር አዲግራት ሄደው ነበር። ላቦራቶሪው አዲስ የውጤት ቅጽ ጠይቆ ነበር፤ ሞከርኩት፣ አማረ። ደስ ብሎኝ ጠቀለልኩትና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጫንኩት። አልከፈትኩም። እጄንም አላነሣሁም። ሁሉም ሠራ። መለማመጃው የዚያው ጠዋት ግልባጭ ስለሆነ የታካሚው ሁሉ ስም አለ፤ ማንም አልጠረጠረም። ቀኑን ሙሉ ውጤት ሲመዘገብ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ግልባጩ እንደ ልማዱ ተጻፈበት። የአንድ ቀን የላቦራቶሪ ውጤት በሙሉ ጠፋ። ወረቀት ላይም የለም፤ «ከእንግዲህ መዝገብ ምን ያደርጋል?» ብዬ የወረቀቱን መዝገብ ያስቆምኩት እኔው ነበርኩ። አራት ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ መጮኽ ሲጀምሩ ጥቅሉን ከፈትኩት። መስመሩ እንደ ተውኩት «መለማመጃ» ይላል።

አብዛኛው ታካሚ ተጠርቶ እንደገና ደም ሰጠ። አንዷ ግን አልተገኘችም። ለተብርሃን የምትባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጠዋት መጥታ ነበር፤ ሐኪሙ ማያው ባዶ ሲሆንበት «ውጤትሽ አልደረሰም፣ ሰኞ ነይ» ብሎ መልሷታል። ናሙናውን የሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ ፊቱ ተለዋወጠ። «የእሷ ደም በጣም አንሶ ነበር፣ አስታውሳለሁ» አለ። ስልኳ አይነሣም። የሆስፒታሉ መኪና ወደ መንደሯ ሲወጣ ማንም ሳይጠይቀኝ ገባሁ።

ከከተማው በስተደቡብ ባለች መንደር፣ ቤቷ ውስጥ ተኝታ አገኘናት። መቆም አልቻለችም። አብራን የመጣችው ነርስ ስታያት የለተብርሃን ባል እኔን ያየኝ ነበር።

«ትናንት ደሟን ሰጠች። ዛሬ የለም አላችኋት» አለኝ። «ለማን ሰጣችሁት?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም። ጫማዋን አንሥቼ ተሸከምኩላት።

ደም ተሰጣት። ሦስት ሳምንት ተኛች። ልጇ ያለ ጊዜው ተወለደ፣ ትንሽ ነበር፣ ሁለቱም ተረፉ። ያ ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አቶ ሐጎስ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። «እጅሽን አንሥተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አላነሣሁም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ደብተራቸውን ከፈቱ። «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «ይህን የሚያህል ነገር በየጊዜው በእጅሽ እንድትቀይሪ የተውኩሽ እኔ ነኝ። ይህ መስመር ከጥቅሉ ይውጣ።»

የዳታቤዙ አድራሻ አንድ ቦታ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ስንፈልግ ዐሥራ አንድ ቦታ ተሸጉጦ አገኘነው፤ ያን ቀን ካርዱና ፋርማሲው የተረፉትም የራሳቸው መስመር ስለነበራቸው ነው። ስድስት ሳምንት ፈጀብን። ስንጨርስ ጥቅሉ ስለ አድራሻ ምንም አያውቅም፤ ሰርቨሩ ላይ ከጥቅሉ ውጭ ከተቀመጠ አንድ ትንሽ ፋይል ያነባል። ፋይሉን ካጣ ደግሞ በግምት አይሠራም፤ አልነሣም ይላል። መለማመጃውን የከፈተ ሰው ከገጹ አናት ላይ ቢጫ መስመር ያያል። ከሁሉም በላይ ግን፣ የሞከርኩት ጥቅልና የምጭነው ጥቅል አንድ ሆኑ! በመካከል እጄ አይገባም። የመጀመሪያ ቀን ያንኑ ጥቅል መለማመጃው ላይ፣ ቀጥሎም እውነተኛው ላይ ስጭነው ልቤ እንደ ሙሽራ ነበር የሚመታው።

ዓመታት አለፉ። አቶ ሐጎስ ጡረታ ወጡ፤ ክፍሉ በእኔ እጅ ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስልክ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መብራትም እንዲሁ። ስለዚያ ጊዜ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ብዙ ሰው አለ፤ እኔ በክፍሌ የሆነውን ብቻ ልንገር።

መብራት ሄድ መጣ ሲል ሰርቨሩ ተቃጠለ። የዳታቤዙ ግልባጭ በዲስክ ተርፎ ነበር። ከመጋዘን ሌላ ማሽን አገኘሁ፤ ያለበት ጃቫ ግን አዲስ ስለሆነ አሮጌው ጥቅል አልነሣም አለ። ፕሮግራሙን ትንሽ አስተካክሎ እንደገና መጠቅለል ያስፈልጋል። የምንጠቀልልበት መሣሪያ ደግሞ ላይብረሪዎቹን ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። ኢንተርኔት የለም።

በዚያው ሰሞን ጥቂት ኢንሱሊን ደረሰ። የስኳር ታካሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለማን ምን ያህል እንደታዘዘ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ነርሶቹ ሊያዩት ስለማይችሉ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ ዳታቤዙን በቀጥታ ከፍቼ፣ ፈልጌ በወረቀት እጽፍላቸው ነበር። ጄኔሬተሩ የሚሠራው ለቀዶ ሕክምና ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለስንት ሰው ይጻፋል? በሬ ላይ ቆመው የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ፤ ሳይደርሳቸው ማሽኑ ይጠፋል።

ቃላሚኖ አካባቢ ወደሚገኘው የአቶ ሐጎስ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ተነሥተው ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ዲስክ ይዘው ወጡ። ከዓመታት በፊት ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ሲያስቀምጡ «ኢንተርኔት እያለ ለምን ይደክማሉ?» ብዬ ስቄባቸው ነበር። አላስታወሱኝም። «ነገ አብሬሽ እመጣለሁ» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጄኔሬተሩ ተነሣ። ዲስኩን ሰካን፤ መሣሪያውን «ወደ ውጭ አትውጣ፣ ከዚህ ፈልግ» አልነው። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ ይህ የለም። ፈልገን ሰጠነው። ያም የለም። ሰጠነው። እንዲህ እያልን አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንድ ብቻ ቀረ። ቀንን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይረው ላይብረሪ ነው፤ የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ራሳቸው የሠሩት ስለሆነ ዲስኩ ላይ የለም። ከእነሱ ጋር መገናኛ የለም። አቶ ሐጎስ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። «በቃ፣ ሓፍተይ» አሉ። «ይህን ከየትም አናመጣውም።»

ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። «አሮጌው ጥቅል! አሮጌው ጥቅል ውስጥ አለ!»

አልነሣም ያለውን ጥቅል ከፈትኩት። ላይብረሪዎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ከፈትኩ። ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ከመካከላቸው እሱ! አውጥቼ ሰጠሁት። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። ጠቀለለ። አቶ ሐጎስ «ፋይሉን የት አደረግሽ?» ሲሉኝ «ከጥቅሉ ውጭ» አልኳቸው፤ ፈገግ አሉ። ጥቅሉን ከፍተን አየን። ጫንኩት። ሁለታችንም እጃችንን አነሣን። «አዲሱ ይነሣል። ከተረፈው ዳታቤዝ ጋር ይገናኛል። የስኳር ታካሚዎቹ ዝርዝር ይወጣል።» ተጫንኩ።

መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር የስኳር ክፍሏ ነርስ ከራሷ ማሽን ፊት ሆና ጮኸች። «ሁሉም አለ! ስማቸውም መጠኑም አለ!» ስትል ሮጥኩ። ዝርዝሩን ከማያው በስልኳ ፎቶ አንሥታ ሳትጨርስ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ማያው ጨለመ፤ እኛ ግን እንደ ሕፃን ሳቅን። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ በሬ ላይ የቆሙትን እናቶች በስማቸው እየጠራች ስታስገባ አቶ ሐጎስ በመስኮት ቆመው አዩዋት። ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ፤ የዚያን ቀን ፊታቸውን ግን አይቼዋለሁ።

ሰላም ሲመጣ ርሻን የምትባል ወጣት ኢንጂነር ተቀጠረች። «አደይ» ነው የምትለኝ፤ እናት እንደማለት ነው። በመጣች በሁለተኛው ወር «አደይ፣ ጥቅሉን ብቻ ለምን እንጭናለን? ጃቫውንም ሰርቨሩንም አብረን እንጠቅልለው» አለችኝ። ኮንቴይነር ይባላል። ፕሮግራሙ የሚኖርበት ቤት ጭምር አንድ ላይ ታሽጎ ይሄዳል፤ የትም ማሽን ላይ ያው ነው። አፌን ከፍቼ ሰማኋት!

«ጃቫው አልገጥም ሲለኝ አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ቁጭ ብዬ» አለችኝ።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ተማሪዋ ሆንኩ። ስሳሳት ትስቅብኛለች፣ ሲገባኝ ታጨበጭብልኛለች።

የመጨረሻው ሥራችን ከመቀሌ አጠገብ ባለችው በቁሓ ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ የእኛን ፕሮግራም ፈለገ። ጡረታዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ከርሻን ጋር ታክሲ ተሳፍረን ሄድን። ምንም አዲስ አልጠቀለልንም፤ በእኛ ሆስፒታል የሚሠራውን ያንኑ ነው የያዝነው። የተለየው የጤና ጣቢያው ስምና አድራሻ ያለበት አንዲት ፋይል ናት። መጀመሪያ አልነሣም አለ። ርሻን ፋይሏን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣት ኖሯል። አንቀሳቀሰቻት፤ ተነሣ።

የጣቢያው ካርድ አውጪ አቶ ኪሮስ እንደ እኔው በካርድ ያረጁ ሰው ናቸው። ወንበሩን ሲለቁልኝ እምቢ አልኩ። በሁለት ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ የመጀመሪያውን ታካሚ መመዝገብ ጀመሩ። ታካሚው ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ተጠየቁ። «ኪሮስ፣ ሠላሳ ዓመት የምታውቀውን ስም ይህ ማሽን አስረሳህ?» አሏቸው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ካርድ ቁጥር አንድ ወጣ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። አቶ ኪሮስ ናቸው። ገና ሳላነሣው ጫማዬን በእግሬ እፈልግ ጀመር።

«ምን ሆነ? አልነሣም አለ?»

«ኧረ ተነሥቷል።»

«የታካሚ ስም ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም፣ ወይዘሮ አስቴር። እየሠራ ነው። እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ቁጭ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ብሎ የደወለልኝ ሰው አልነበረም።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«እየሠራ ነው» አሉኝ።